ከቡና መኸር በፊት፦ ያረጁ የፍሬን፣ የመሪና የባሌስትራ ክፍሎችን በወቅቱ መመርመርና መቀየር

በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙ የቡና ከተሞች የመኸሩ ወቅት ሲቃረብ የትራንስፖርት እንቅስቃሴው በእጅጉ ይጨምራል። ከጥቅምት ወር ጀምሮ ቀይ የቡና ፍሬ ከየማሳው ወደ መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ የተዘጋጀው ቡና ደግሞ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራና ከሸቤ ወደ ጅማ፣ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ ይጓጓዛል። ለቀማው የሰው ጉልበት ስለሚፈልግና ገበያውም ስለሚደምቅ የመንገደኛው ቁጥር ይበዛል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሸከሙት ግን ክረምቱን በጭቃና በጉድጓድ ሲመላለሱ የከረሙ ተሽከርካሪዎች ናቸው።

ሞተሩ የተበላሸ ተሽከርካሪ መንገድ ዳር ይቆማል፤ ጉዳቱም በአመዛኙ በገንዘብና በጊዜ የሚተመን ነው። ፍሬኑ ወይም መሪው የተበላሸ ተሽከርካሪ ግን ሊቆም ሲገባው አይቆምም፤ ሊታጠፍ ሲገባውም አይታጠፍም። በመሆኑም የፍሬን፣ የመሪ እና የባሌስትራና ሞላ ክፍሎች ምርመራ ለነገ የሚተው ሥራ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶች፣ አሽከርካሪዎችና ረዳቶች የእነዚህን ክፍሎች የእርጅና ምልክት እንዴት እንደሚለዩ፣ መቼ መቀየር እንዳለባቸውና አገልግሎቱን ሲያገኙ ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ያብራራል።

የመንገዱ ጠባይና የክፍሎቹ እርጅና

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ከወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ወደ ሰኮሩ አቅጣጫ ይወጣል። ከጅማ በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ተሽከርካሪ የጎጀብን ወንዝ፣ ከአጋሮ ወደ በደሌ የሚያመራውም የዴዴሳን ሸለቆ ይሻገራል። በየትኛውም አቅጣጫ ረጅም ቁልቁለትና ዳገት ስላለ ፍሬን በዚህ አካባቢ ከሜዳማ አገር የበለጠ ሥራ ይጠብቀዋል።

የሥራው ክብደት በቀላል ስሌት ይታያል። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 700 ሜትር ከፍታ ቢወርድና ፍጥነቱን የሚገታው በእግር ፍሬን ብቻ ቢሆን፣ በፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ ሙሉ በርሜል ውሃን፣ ማለትም 200 ሊትር ገደማ፣ ከቀዝቃዛነት አንሥቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ነው። ይህን ሙቀት የሚሸከሙት ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የፍሬን ሸራዎች፣ ታምቡሮችና ዲስኮች ናቸው። ሸራው ያለቀ ወይም ዘይቱ ያረጀ ፍሬን በከተማ ውስጥ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው በቁልቁለት መካከል ነው።

የዝናቡ ርዝመትም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በጅማ አካባቢ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ጭቃና ውሃ በመከላከያ ጎማዎች ስንጥቅ እየገቡ ግራሶውን ያጥባሉ፣ ብረቱን ያዝጋሉ፣ በታምቡር ውስጥም ደለል ይፈጥራሉ። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣና መኸሩ ከመጀመሩ በፊት ያለው የመስከረም ወር ለዝርዝር ምርመራ አመቺ ጊዜ ነው።

ምርመራውን በወራት ብቻ መቁጠር በቂ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ለአብነት በአጋሮና በጅማ መካከል በቀን ሁለት የደርሶ መልስ ጉዞ የሚያደርግ ሚኒባስ በቀን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 4,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አምራቹ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲደረግ ያዘዘው ምርመራ ለዚህ ተሽከርካሪ ከሁለት ወር ብዙም ሳያልፍ ይደርሳል ማለት ነው። የኪሎ ሜትር ንባቡንና የተቀየሩትን ክፍሎች በደብተር መመዝገብ ከዚህ አንጻር ትልቅ ጥቅም አለው።

ፍሬን፦ ምልክቶቹና መፍትሔያቸው

ፍሬን ከመክሸፉ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል። አሽከርካሪው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ፍሬን ሲያዝ ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭ ድምፅ መሰማት፦ ሸራው ማለቁን ያመለክታል። በዚህ ሁኔታ የሚደረግ እያንዳንዱ ጉዞ ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ስለሚቦረቡር ወጪውን ያበዛል።
• ፔዳሉ ሲረገጥ መልፈስፈስ፦ በመስመሩ ውስጥ አየር መግባቱን ወይም ዘይቱ መፍላቱን ያሳያል።
• ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ በቀስ ወደ ታች መስመጥ፦ የዘይት መፍሰስ ወይም የዋናው ፖምፓ ጎማዎች መበላት ምልክት ነው።
• ፍሬን ሲያዝ ተሽከርካሪው ወደ አንድ ጎን መሳብ፦ በአንዱ እግር ሸራ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መፍሰሱን፣ አለዚያም አንዱ ወገን ተጣብቆ መቅረቱን ይጠቁማል።
• ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ ወይም መሪው መንቀጥቀጥ፦ ብዙውን ጊዜ የዲስክ ወይም የታምቡር መጣመም ውጤት ነው።

የአንድ አዲስ የዲስክ ፍሬን ሸራ ውፍረት በቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ በአብዛኛው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር እንዳለበት በሰፊው ተቀባይነት ያለው ልማድ ነው። የዲስክ አነስተኛ ውፍረትና የታምቡር ከፍተኛ ስፋት ብዙውን ጊዜ በክፍሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚህ ልክ ያለፈ ዲስክ ወይም ታምቡር በመጠረብ ሊድን ስለማይችል በአዲስ መተካት አለበት። ሸራ ሲቀየርም በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ወገኖች በአንድ ጊዜ መቀየር ይኖርባቸዋል። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን የመያዝ ኃይላቸው ስለሚለያይ ተሽከርካሪው በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ሊዞር ይችላል።

የፍሬን ዘይት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ክፍል ነው። ይህ ዘይት እርጥበትን ከአየር የመሳብ ባሕርይ አለው። አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያስገድድ መለኪያ ወጥቶለታል። እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መለኪያው የሚጠይቀው 140 ዲግሪን ብቻ ነው። የዶት 4 መጠን እንደ ቅደም ተከተሉ 230 እና 155 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ በግፊት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥም ፍሬኑ አይዝም። እንደ ጅማ ባለ እርጥበታማ አካባቢ ዘይቱን ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይመከራል። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም ሌላ ቅባት በፍሬን ዘይት ቦታ መጨመር የመስመሩን ጎማዎች በማሳበጥ መላውን ሥርዓት ስለሚያበላሽ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

በአየር የሚሠራ ፍሬን ባላቸው ከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ በአየር ማጠራቀሚያው የሚጠራቀመውን ውሃ በየቀኑ ማፍሰስ፣ ከጉዞ በፊትም የግፊት ሰዓቱ በተወሰነለት መጠን መቆሙንና አየር የሚያፈስ ድምፅ አለመኖሩን ማረጋገጥ የአሽከርካሪው የዕለት ተግባር ነው።

መሪ፦ ትንሽ ክፍተት ትልቅ አደጋ

የመሪ ሥርዓት ጤንነት በቀላሉ የሚመረመረው ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ ነው። መሪው በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲንቀሳቀስ ጎማው ወዲያው መከተል አለበት። ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ብቻውን የሚዞርበት ክፍተት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ከሄደ የመሪ ዘንግ ጫፎች፣ ቦል ጆይንቶች ወይም የመሪ ሣጥኑ እያረጁ መሆናቸውን ያሳያል።

ሁለተኛው ምርመራ በክሪክ የሚደረግ ነው። ተሽከርካሪው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በክሪኩ ላይ ብቻ ሳይታመን በጠንካራ ማቆሚያ መደገፍና የኋላ ጎማዎቹም በታኮ መያዝ አለባቸው። ከዚያም የፊት ጎማው በሁለት እጅ ተይዞ ይነቀነቃል። ግራና ቀኝ ጎኑ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ የመሪ ዘንግ ጫፎችን፣ ላይና ታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ ቦል ጆይንቱን መመርመር ያስፈልጋል። በሁለቱም አቅጣጫ የሚላወስና ሲዞር የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ የጎማው ኩሽኔታ አርጅቷል ተብሎ ይገመታል።

ያረጀ ቦል ጆይንት ወይም የመሪ ዘንግ ጫፍ በብየዳ አይጠገንም። ብየዳ የብረቱን ጥንካሬ ይለውጣል፤ ሲሰበርም ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። እነዚህ ክፍሎች ሲቀየሩ ዳዶው በታዘዘው ልክ መጥበቁና መቆለፊያ ፒኑ በአዲስ መተካቱ ሊረጋገጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ አላይመንት ማሠራት የሥራው አካል ነው። ያለ አላይመንት የወጣ ተሽከርካሪ አዲሱን ጎማ በጥቂት ወራት ውስጥ በአንድ ወገን በልቶ ይጨርሰዋል።

ባሌስትራ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር

የባሌስትራና የሞላ ሥራ ጭነትን ተሸክሞ ጎማው ከመንገዱ እንዳይለይ ማድረግ ነው። የሾክ አብዞርበር ሥራ ደግሞ ተሽከርካሪው ጉድጓድ ከመታ በኋላ ደጋግሞ እንዳይነጥር መግታት ነው። ብዙዎች ሾክ አብዞርበርን የምቾት ዕቃ አድርገው ይመለከቱታል። ሆኖም ጎማ በነጠረ ቁጥር ከመሬቱ ጋር ያለው ግንኙነት ስለሚላላ ጤነኛ ፍሬንም ቢሆን ተሽከርካሪውን በተፈለገው ርቀት ሊያቆመው አይችልም። የእርጅናው ምልክት በአካሉ ላይ የሚታይ የዘይት መፍሰስ፣ ፍሬን ሲያዝ የአፍንጫው ከመጠን በላይ ወደ ታች መድፋት እንዲሁም የጎማው ገጽ በየቦታው ጎድጎድ እያለ መበላት ነው።

በባሌስትራ ላይ የሚፈለገው የቅጠሎቹ መሰንጠቅ፣ መሳሳብ ወይም ከመስመራቸው መውጣት ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አጥብቀው የሚይዙት ቡሎኖች መላላት የለባቸውም። ከላሉ አክስሉ ከቦታው ስለሚሸሽ ተሽከርካሪው ቀጥ ብሎ አይሄድም። የጎማ ቡሾች ማለቅም በጉድጓድ ላይ በሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ ይታወቃል። የተሰበረ ቅጠልን በብየዳ ማያያዝ እንደ መሪ ክፍሎቹ ሁሉ አደገኛ ነው።

ባሌስትራ መደረብ የመጫን አቅምን አይጨምርም

በመኸር ወቅት ተጨማሪ ጆንያ ለመጫን ሲባል ባሌስትራ ላይ ቅጠል የመደረብ ልማድ በስፋት ይታያል። ተሽከርካሪው ከኋላ ስለማይዘቀዝቅ ጭነቱን የቻለ ይመስላል። የመጫን አቅም የሚወሰነው ግን በባሌስትራ ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ጎማውና ሻንሲው በአንድነት የተሠሩት ለተወሰነ ክብደት ነው። እያንዳንዱ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን 20 ጆንያ ቡና ከተፈቀደው በላይ ቢጨመር ፍሬኑ 1,200 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ክብደት እንዲያቆም ይገደዳል፤ የፍሬኑ ስፋትና ጥንካሬ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ ጫናው ይብሳል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬኑ ሊያስወግደው የሚገባው ኃይል ከእጥፍ በላይ፣ በትክክል 2.25 ጊዜ፣ ይሆናል።

ይኸው ሕግ በባለ ሦስት እግር ባጃጅም ላይ ይሠራል። በፊት በኩል አንድ ጎማ ብቻ ያለው ተሽከርካሪ ከተፈቀደለት በላይ ሰው ሲጭን መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑ ይረዝማል፣ በመታጠፊያ ላይም የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል።

መለዋወጫ ሲገዛ፣ ጋራዥ ሲገባ

በጅማ ገበያ የሚገኙ መለዋወጫዎች አንድ ወጥ ጥራት የላቸውም። ከአምራቹ ጋር የሚስማማ፣ በሌላ ድርጅት የተመረተ፣ ያገለገለና አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ጎን ለጎን ይሸጣል። ባለንብረቱ የድሮውን ክፍል ይዞ መሄዱ፣ የክፍል ቁጥሩን ማመሳከሩ፣ የማሸጊያውን ጽሑፍና የዕቃውን ክብደት ማስተያየቱ ይጠቅመዋል። ያገለገለ በር ወይም መስተዋት መግዛት ችግር ላይኖረው ይችላል፤ ያገለገለ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ መስመር ወይም ቦል ጆይንት ግን ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው በዓይን ስለማይታወቅ ሊገዛ አይገባም።

ከእያንዳንዱ ግዥ ደረሰኝ መቀበል የሸማቹ መብት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ይህን መብት ለመጠቀም ደረሰኙ ዋናው ማስረጃ ነው።

ከጋራዥ አገልግሎት ሲፈለግ ባለንብረቱ የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይመከራል።

• ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚቀየሩት ክፍሎችና ዋጋቸው በጽሑፍ እንዲገለጽለት፤
• የተቀየሩት አሮጌ ክፍሎች እንዲመለሱለት ወይም እንዲያያቸው፤
• የፍሬን መስመሩ አየር መውጣቱና የጎማ ዳዶዎች መጥበቃቸው እንዲረጋገጥለት፤
• ተሽከርካሪው ከመረከቡ በፊት ያለ ጭነትና በዝቅተኛ ፍጥነት በጭር ሜዳ ላይ እንዲፈተሽለት።

የአሮጌ ሸራ ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ሊሆን ስለሚችል በአየር መንፋት አይገባም። በእርጥብ ጨርቅ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ፈሳሽ ማጽዳት የባለሙያውንም ሆነ በአካባቢው የሚገኙትን ሰዎች ጤና ይጠብቃል።

ዓመታዊ ምርመራና የባለንብረቱ ኃላፊነት

ተሽከርካሪዎችን ለመለየት፣ ለመመርመርና ለመመዝገብ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ያዝዛል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ተሽከርካሪዎች በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የመድን ሽፋን እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ባለንብረቱ ለምርመራ ሲቀርብ ሊብሬውንና ጊዜው ያላለፈ የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃውን መያዝ ይኖርበታል። ዝርዝር መስፈርቱን ተሽከርካሪው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ምልልስን ይቀንሳል።

ምርመራው የሚያረጋግጠው ተሽከርካሪው በዚያ ቀን የነበረበትን ሁኔታ ነው። በጥር ወር ጤነኛ የነበረ ሸራ በሐምሌ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ቦሎ መለጠፉ ባለንብረቱንና አሽከርካሪውን ከዕለት ተዕለት ጥንቃቄ አያሳርፍም። ለምርመራው ቀን ብቻ ደኅና ዕቃ ተውሶ ገጥሞ ማለፍና በማግስቱ መመለስም ተቆጣጣሪውን ከማታለል ይልቅ ራስንና ተሳፋሪን አሳልፎ መስጠት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ቀድመው የገቡት ለረጅም ጊዜ ማገልገላቸው ስለማይቀር የጥገናው አስፈላጊነት ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ባትሪያቸው ከባድ በመሆኑ በጎማና በሾክ አብዞርበር ላይ ጫናው ይበረታል። ሞተራቸው ፍጥነት በመግታት ስለሚያግዝ ሸራቸው ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ነገር ግን ሳይሠራ ሲቆይ ሊዝግ ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለበት።

በቁልቁለት ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

ጥገናው በሚገባ ቢከናወንም የአነዳድ ሥነ ሥርዓት ካልታከለበት ውጤቱ ጎዶሎ ነው። ወደ ጊቤም ሆነ ወደ ጎጀብ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ መግባትና ፍጥነቱን በሞተር መግታት ተገቢ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በዜሮ ማርሽ መውረድ መላውን ሸክም ለእግር ፍሬን ስለሚያስረክብ እጅግ አደገኛ ነው። ፍሬኑ የመቃጠል ሽታ ከሰጠ ወይም ፔዳሉ ከላላ አመቺ ቦታ ላይ ቆሞ ታኮ ማድረግና በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ስለሚሰነጥቅ መወገድ አለበት። ጉድጓድ ወይም ወንዝ ውስጥ ካለፉ በኋላ ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ በመርገጥ ማድረቅ ይገባል።

ተሳፋሪዎችም ድርሻ አላቸው። ያልተለመደ የብረት ድምፅ፣ የመቃጠል ሽታ ወይም የመሪ መወላገድ ሲያስተውሉ ለአሽከርካሪው መንገር፣ ካልተሰሙም በአቅራቢያው ለሚገኝ የትራፊክ ፖሊስ ማመልከት መብታቸው ነው። ረዳቱም ጎማንና ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይትን በየመነኻሪያው የማየት ልማድ ሊያዳብር ይገባል።

አንድ የፍሬን ሸራ ወይም አንድ ቦል ጆይንት የሚቀየርበት ወጪ ለባለንብረቱ ቀላል አይደለም፤ ተሽከርካሪው ጋራዥ የሚውልበት ቀንም የገቢ ቀን ነው። ይሁንና ይህ ወጪ በመስከረም፣ በሜዳ ላይ፣ በባለንብረቱ ምርጫ ሲወጣ ተመጣጣኝ ነው። በኅዳር፣ በቁልቁለት ላይ፣ ጭነትና ሰው ተይዞ ሲመጣ ግን ልኩ አይታወቅም። የዓመት ልፋቱን በጆንያ ቋጥሮ ለገበሬው የሚያጓጉዝ፣ ለቃሚውንም ወደ ቤቱ የሚመልስ ተሽከርካሪ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ሊፈተሽ ይገባዋል።